የሚያናድደው ያጣ ሰው

ጣይባ ከድንበር ማዶ ባለው ዋሄን ገበያ ሻይ ስትሸጥ የማታየው ዓይነት ሰው የለም፤ ስደቢኝ ብሎ የሚለምን ግን ይሄ ሽማግሌ የመጀመሪያዋ ነው። ጢሙ በሂና ቀልቷል፣ ሽርጡ ተተኩሷል፤ ከሸሚዙ ሥር የወጡ ሽቦዎች ወገቡ ላይ ወደታሰረች ትንሽ ማሽን ይወርዳሉ።

"ደም ግፊት አለብኝ" አላት፣ ድሬዳዋ ሲያድግ በለመደው አማርኛ። "ሐኪሙ፣ 'የጤነኛ ልብ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ይላል፤ ያንተ ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት አንድ ዓይነት ነው' አለኝ። እስከ ነገ ይቺ ማሽን ታዳምጠኛለች። አሁንም ካልተለወጠ ልጆቼ ሱቄን ዘግተው ቤት ያስቀምጡኛል።"

ሐኪሙ እንደ ወትሮህ ዋል ቢለውም፣ እሱ ልቡን የሚያንቀሳቅስለት ጠብ ፍለጋ ወጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ የተሸካሚዎች ጋሪ በሚያልፍበት ተገትሮ ነበር። እነሱ ግን ቀዩን የሽማግሌ ጢም ሲያዩ ጋሪያቸውን አዙረው፣ "ዱዓ ያድርጉልን" እያሉ አለፉ።

"በአላህ ስደቢኝ፣ ልጄ።"

ጣይባ ደክሟታል፤ ስድብም ጉልበት ይጠይቃል። "እርስዎ... ደደብ ነዎት፣ አባባ።"

"ይሄ ስድብ ነው ወይስ ሰላምታ?"

ስድቡን ትታ ብርጭቆዎቿን እያለቀለቀች፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ "ለመሆኑ ቤት የሚጠብቅዎት ሰው አለ?" አለችው።

ሽማግሌው መዳፉን ማሽኗ ላይ ጫን አድርጎ፣ የሕፃን ጆሮ እንደሚደፍን ሰው ሸፈናት።

"እሱ ከስድብም ይብሳል" አላት በሹክሹክታ፣ "ይቺን ሲፈቱልኝ እነግርሻለሁ።"