ባለሞተሩ አብሮን ሄደ

ይህ የሆነው ካቻምና በበጋ ነው። የማይረሳኝ፣ ያን ዕለት የጠረጠርኩትን ሰው ዛሬም መጠርጠሬን ስላልተውኩ ነው።

መሬታችን ከሐይቁ ዳር ነው። ውሃው ከደጃችን ቢሆንም ሽቅብ ወደ ማሳው የሚወጣው በሞተር ነው። ሞተር የሌለን ከባለሞተር ጋር እንዋዋላለን፤ መሬቱም ዘርና ማዳበሪያውም ድካሙም የእኛ፣ ሽንኩርቱ ሲነቀል ግማሹ የእሱ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ነው። ለእኔ የሚቀረው እስከ ክረምት እንኳ አያደርስም።

የመረጥናት የምክር ቤት ተወካይ ሐይቅ ከተማ መጥታ ሰው እንደምታነጋግር ሰማን። ሞተር የሌለን ተሰብስበን፣ በማኅበር አንድ የጋራ ሞተር እንድታስገኝልን እንድንጠይቅ እኔና ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ተመረጥን።

ጠዋት ባጃጅ ስንጠብቅ አያ ይመር መጣ። ሽንኩርቴን የሚካፈለኝ ባለሞተር እሱ ነው።

"እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ" አለ።

"ለምን?" አልኩት።

"ጉዳይ አለኝ" አለና ባጃጁ ሲመጣ ቀድሞን ገባ።

መንገዱን ሁሉ እትዬ ዘውዴ በክርኗ ትጎስመኛለች። ሊያሰናክለን እንደመጣ ለሁለታችንም ገብቶናል። ወይ "እዚያ የተቸገረ የለም" ይላል፣ ወይ የተናገርነውን ለቀሩት ባለሞተሮች ያደርሳል። ችግኙን ገና መትከሌ ነው፤ ውሃ ቢከለክለኝ አለቀልኝ።

ተወካይዋ ገና ጉዳያችንን ሳንጨርስ፣ "ማን ላካችሁ?" አለች።

"ጎረቤቶቻችን" አልኳት።

"ባለፈውም ለድሀ ነው ብለው የመጡ ነበሩ። ሳጣራ ለራሳቸው ነበር።"

እኔም አላመንኳትም። ስንናገር ስልኳን ታያለች። ደግሞስ ከምርጫው ወዲህ መቼ አየናት?

ምርታችን በግማሽ እንደሚሄድ ነገርኳት። የማን ሞተር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አያ ይመር ከኋላዬ ተቀምጧል። ወደ እትዬ ዘውዴ ዞርኩ። እሷ አቀረቀረች።

"የእኔ ነው" አለ አያ ይመር።

ተወካይዋ ስልኳን አስቀመጠች። "ታዲያ እርስዎ ምን ሊሉ መጡ?"

"እነሱ ሲሉት ማጋነን ይመስላል። ግማሹን እንደምወስድ ከእኔው ይስሙ። ወላሂ፣ የነዳጁን አውጥቼ እንኳ የሚተርፈኝ ከእነሱ ይበልጣል።"

እሷም እንደኔ ግራ ገባት መሰለኝ፣ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ብዙ ጠየቀችው። በመጨረሻ መጥታ በዓይኗ እንደምታይ ነግራን ወጣን።

ስንመለስ አላስቻለኝም። "አያ ይመር፣ ምን ፈልገህ ነው?"

"ልጄን ከሐይቁ ማዶ ድሬያታለሁ" አለ። "ባሏ ሞተር የለውም። ዘንድሮ ልጠይቃት ስሄድ፣ የባለሞተሩን ድርሻ በጀርባዋ ተሸክማ ስታደርስለት አገኘኋት። እርጉዝ ናት።"

ይህን ቢለኝም ያንን ወቅት ውሃዬን ዛሬ ያቆማል፣ ነገ ያቆማል እያልኩ ጠበቅኩ። አላቆመም። ድርሻውን ግን እንደወትሮው ግማሹን ወሰደ።

ተወካይዋ ሳትነግረን አንድ ቀን ብቅ አለች። ወደ መረጥንላት ቤት አልገባም ብላ፣ የፈለገችውን በር እያንኳኳች ጠየቀች። አምና፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሞተሩ ለማኅበራችን መጣ።

ሞተሩን የሚያስነሳና የሚጠብቅ ሰው ስንመርጥ፣ ከአያ ይመር የተሻለ የሚያውቅበት አልነበረም። ከአባላቱ ሁሉ በኋላ ቢሆንም እኔም እጄን አወጣሁለት።

አሁን ሽንኩርቱ ሙሉው የእኔ ነው። አያ ይመርን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን እሱ ባይናገር የሚያምነን አልነበረም። ሆኖም ሞተሩ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ውሃው በማኅበሩ ነዳጅ ወደ እሱ ማሳ እንዳይሄድ ነው። እሱም ያውቃል፤ ቦዩ ዳር ቆሜ ሲያየኝ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ማየቴን ግን አልተውኩም።