ከብስኩቱ ጀርባ የተጻፈው

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ ልናገር ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሐሜት አውርቼ ተመለስኩ። እንግዲህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ልናገረው።

ዘይነብ ጎረቤቴ ናት፤ አዳማ ውስጥ አንድ ግድግዳ እንጋራለን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ክፍል ስገባ ልጆቼን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ከእናቴ በላይ እልል ያለችውም እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ወረቀት ቢሆን የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሚነበብ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ኮራሁበት። የሰው የፊደል ግድፈት ሳላርም የማላልፍ ሴት ሆንኩ።

ልጇ ሐያት የኮሪያ ድራማ ስታይ ነው የምትውለው። ፈተናዋን ስታልፍ፣ ዱከም ውስጥ የኮሪያ ምግብ ብቻ የሚሸጥ ሱፐርማርኬት አለ ብላ ሁለታችንንም በሚኒባስ ይዛን ሄደች። የባሕር ቅጠል ቀመስን፤ ዘይነብ «ይሄማ ዓሣ የተጠቀለለበት ወረቀት ነው!» ብላ አሳቀችን። የሩዝ ፍሬ የሚንሳፈፍበት ጣፋጭ መጠጥ ጠጣን። ከዚያ ሐያት በቸኮሌት የተለበጠ ክብ ብስኩት አነሳች፤ መሃሉ ነጭ፣ እንደ ጥጥ ለስላሳ።

«ማሎ በአላህ፣ እስቲ አንብቢው፤ ሐራም የለበትም?» አለችኝ ዘይነብ። ለልጇ ደግሞ «እሷ የደረሰኝ ጀርባ እንኳ ሳታነብ አትጥልም፤ ከሷ አያመልጥም» አለቻት።

አነበብኩ። ከጀርባው በእንግሊዝኛ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ነበር፦ ዱቄት፣ ስኳር፣ ወተት፣ ጄላቲን። ጄላቲን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አላውቅም ብል ምን ነበረበት? አንድ ቃል እኮ ናት! እኔ ግን «ምንም የለበትም፤ ብዪ» አልኳት። ቢስሚላህ ብላ በላች።

በማግስቱ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር ነው ይላል። የየትኛው እንስሳ? ይዤው የመጣሁትን ማሸጊያ በስልኬ አነሳሁት፤ ስልኩ የኮሪያኛውን ጽሑፍ ተረጎመልኝ። የአሳማ።

ያን ቀን ብናገር ኖሮ ስህተት ብቻ ይሆን ነበር። አልተናገርኩም። በሳምንቱ ዘይነብ ደራ ላሉት እናቷ አንድ ሙሉ ካርቶን ገዝታ መጣች። አሮጊቷ ታመው፣ ጥርሳቸውም አልቆ፣ ምግብ እምቢ ብለው ነበር። «ትንሽ ወስጄላት ወደደችው እኮ!» አለችኝ ፊቷ በርቶ። ያን ካርቶን ተሸክሜ የደራ መኪና ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። እያወቅሁ።

ወር ሳይሞላ እናቷ ሞቱ። ለቅሶ ስደርስ ዘይነብ በሴቶቹ ሁሉ ፊት እጄን ያዘች። «የመጨረሻ ጉርሻዋ ያ አንቺ ያነበብሽልን ብስኩት ነው። ጣፈጠኝ ብላ ነው የሄደችው። አላህ ይስጥሽ» አለችኝ።

አሜን አልኩ። አሜን!

ሳያውቅ የበላ ኃጢአት የለበትም ይላሉ፤ ለእሳቸው እንደዚያው ይሁንላቸው። እኔ ግን አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት ለሐዘኗ ስሳሳ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ። ውሸት ነው። ሐዘኗ ከመምጣቱ በፊት ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት «ለካ አታውቅም» እንዳልባል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ደግሞ ምን ላድርግ? ይቅር በዪኝ ለማለት መንገር አለብኝ፤ ብነግራት የእናቷን የመጨረሻ ጉርሻ መርዝ አደርግባታለሁ። ባልነግራት በየቀኑ የማይገባኝን ምርቃት እበላለሁ። ወዲህም ገደል፣ ወዲያም ገደል፤ ገደሉን የቆፈርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

እናንተም ይቅር አትበሉኝ። የበሉት የእናንተ እናት አይደሉም።