እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ በረኛ

የዚያን ቀን መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ጃኬቴን የኋላ ወንበር ላይ ጥዬ ነው የገባሁት። ቶሎ የምመለስ መስሎኝ ነበር። አትላንታ መሀል ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ እየሄድኩ ቼክ ኢን እንዳደርግ ከታዘዝኩ ጀምሮ አንድም ቀጠሮ አላጓደልኩም። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሴት ወረቀቴን አየት አድርጋ "አንዴ ተቀመጥ" አለችኝ። ብዙም ሳልቆይ ሁለት ሰዎች መጥተው በጎን በር አስገቡኝ። አንደኛው ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር አስወለቀኝ። ድምፁ ክፉ አልነበረም። "ዞር በል" ሲለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ። አገር ቤትም ይህንኑ ስላደረግኩ ሰውነቴ ሳይነገረው ያውቀዋል።

አገር ቤት መምህር ነበርኩ። አንድ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ታሰርኩ። ስፈታ፣ ተመልሰው እንደሚመጡ የነገረኝ ራሱ የፈታኝ ሰውዬ ነው። ባለቤቴንና ትንሿን ልጄን እናቴ ቤት አስቀምጬ ወጣሁ።

ስለዚህ የአሜሪካውን ክፍል ሳየው የማወዳድርበት ነበረኝ። የአገር ቤቱ ጠባብ ነበር፤ የላብ፣ የሽንትና የሻማ ሽታ ነበረው፤ ሰው ከሰው ተደራርቦ ይተኛበታል። ይሄኛው ንጹሕ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ የብረት አግዳሚ ወንበር፣ የብረት ሽንት ቤት። መስኮት የለውም። ከጣሪያው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር አጥንት ይሰብራል። ምንም አይሸትም። በሩ ሲዘጋ እንኳ አልጮኸም፤ ልስልስ ብሎ ገጠመ።

"ሀበሻ ነህ?" አለኝ አንድ ድምፅ።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጺማቸው ነጭ፣ ትከሻቸው ሰፊ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ከአየሩ ሥር አትቀመጥ። ወደዚህ ጠጋ በል።"

ጠጋ አልኩ። ብዙ ዓመት አትላንታ ውስጥ ታክሲ እንደነዱ ነገሩኝ። ድሮ ኬዛቸው ተዘግቶ ዲፖርት ይደረጉ፣ ወደ አገራቸው ይመለሱ ተብሎ ነበር፤ ማንም ሳይነካቸው ኖሩ፤ አሁን አስታወሷቸው። በማግስቱ ሁለታችንንም ከከተማ ውጭ ወዳለ ትልቅ እስር ቤት ወሰዱን። እድል ሆኖ አንድ ክፍል ደረሰን።

እዚያ የሚከብደው ነገር ለማስረዳት ያስቸግራል። የደበደበኝ ሰው የለም። ምግብ ይመጣል፣ የእስረኛ ቆጠራ ይመጣል፣ እንደገና ምግብ ይመጣል። "መቼ ነው የምወጣው?" ብለህ ስትጠይቅ፣ የጠየቅከው ሰው ከልቡ አያውቅም። አገር ቤት ቢያንስ የሚጠላኝ ሰው ነበር፤ እሱ ሲደክመው እንደምወጣ አውቅ ነበር። እዚህ የሚደክመው ሰው የለም። አንዳንዴ ግድግዳውን በመዳፌ እገፋው ነበር። ምን ፈልጌ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

አንድ ጠዋት አንድ ኦፊሰር ወረቀት ይዞ መጣ።

"ይህን ሳይን ካደረግክ ወደ አገርህ በቶሎ ትሄዳለህ" አለኝ። "ካላደረግክ የፍርድ ቤቱን ጀጅ ትጠብቃለህ። ጊዜ ይወስዳል። እስከ ነገ አስብበት።"

በሩ ሲዘጋ ለጋሼ "ልፈርም ነው" አልኳቸው። "እዚህ ከምበሰብስ ልጄን ልያት።"

"ተመልሰው ይይዙሃል አላልከኝም?"

"ይያዙኝ። እስከዚያ አያታለሁ።"

አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ካልሲያቸውን እየሳቡ፣

"ኳስ ትወዳለህ?" አሉኝ።

"ማን ይጠላል።"

"እኔ ቼኮስሎቫኪያ ተጫውቻለሁ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅ ልል ስል ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልከው ነው። የከተማዋን ስም ደጋግመው ነግረውኛል፤ ምላሴ ግን አልያዘውም። ወንዝ ዳር ያለች፣ በአንድ ብርጭቆ ፋብሪካ የምትኖር ትንሽ ከተማ ናት። ክለቡን ያቋቋሙት የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ ቀን ብርጭቆ ሲነፉ ውለው ማታ ኳስ የሚነፉ።

"ሜዳው ቁልቁለት ነበር" አሉ። "አንደኛው ጎል ከሌላኛው ከፍ ይላል። ከላይ ወደ ታች ስንጫወት ጎበዞች ነን። ከእረፍት በኋላ እግዜር ያውቃል። ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ ክለቡ ተዘጋ፣ ሜዳው ላይ ድንች ተተከለ። ጦርነቱ ሲያልቅ ድንቹን ነቅለው የጎል ቋሚ ተከሉ። ቀጥሎ ኮሚኒስቶቹ መጡና ስሙን ቀየሩት። ተመልካቹ ግን በድሮ ስሙ ነው የሚጮኸው።"

"ዋንጫስ?"

"የምን ዋንጫ! ከጎረቤት ከተማ ጋር አቻ ከወጣን ይጨፈራል።"

ጋሼ የግራ ክንፍ ነበሩ። መጀመሪያ ሰዉ ሊያያቸው ብቻ ሜዳ ይመጣ እንደነበር ነገሩኝ። እየቆየ ለመዱት፤ ሲሳሳቱ እንደማንኛውም ሰው ይሰድቧቸው ጀመር። "ያኔ ነው ክለቡ ውስጥ የገባሁት" አሉ።

በረኛቸው ፋብሪካው ውስጥ የእቶን ሠራተኛ ነበር፤ ብዙ የማይናገር ረጅም ሰው። አንድ ጊዜ መንግሥትን በጽሑፍ የተቹ ሰዎችን የሚያወግዝ ወረቀት በየፋብሪካው እየዞረ ይፈረም ነበር። በረኛው "ጽሑፋቸውን አላነበብኩም፤ ያላነበብኩትን አላወግዝም" አለ። በቃ፣ ይህን ብቻ ነው ያለው። ከእቶኑ አንስተው መጥረጊያ አስያዙት። ክለቡም እንዳያሰልፈው ታዘዘ።

"ጨዋታው ከዚያች ከጎረቤት ከተማ ጋር ነበር" አሉ ጋሼ። "ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ማንም የእሱን ማሊያ አላነሳም። ዳኛው መጥቶ 'በረኛ ከሌለ ጨዋታ የለም' አለ። ጨዋታው ካልተካሄደ ደግሞ አምበላችንን እንደሚይዙት እናውቃለን። ማሊያውን አነሳሁና ለበስኩት። እስከ ጉልበቴ ደረሰ።"

"ለምን እርስዎ?"

"ሌሎቹ ሚስት አላቸው፣ እንጀራቸው ፋብሪካው ነው። እኔን ቢበዛ ያባርሩኛል አልኩ። ወጣት ነበርኩ፤ መባረር ምን እንደሆነ አላውቅም።"

ጎሉ ውስጥ ገብተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። የመጀመሪያው ኳስ በጎናቸው አለፈ፤ አልነኩትም። ሁለተኛውም። ተመልካቹ አንድ ነገር ይል ይሆናል ብለው ጠበቁ። ማንም ትንፍሽ አላለም። መረቡ ውስጥ የገባውን ኳስ በእግራቸው እየመለሱ፣ እንደገና እጃቸውን እያጣመሩ ስድስት ጎል ተቆጠረባቸው።

"ከእረፍት በኋላ ሲመለሱ፣ ተጋጣሚዎቻችን ነገሩ ገብቷቸዋል" አሉ። "ኳሱን እርስ በርሳቸው ይቀባበላሉ። ወደኔ የመታ አንድም የለም። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። እንዲህ እያልን አለቀ።"

"ከዚያስ?"

"እኔን ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩኝ። በረኛው ጠራጊ እንደሆነ ብዙ ዓመት ቆየ። ያ መንግሥት ሲወድቅ የክለቡ ሊቀመንበር አደረጉት አሉ። የክለቡን ታሪክ የጠየቅከው የዚያች ከተማ ሰው፣ መጀመሪያ የሚነግርህ ስድስት ለዜሮ የተሸነፍንበትን ቀን ነው።"

ጋደም አሉ። ቆይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ "ፈርም አትፈርም አልልህም። እኔም የሴት ልጅ አባት ነኝ" አሉኝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ነገሩን እስከ መጨረሻው አሰብኩት። እስከዚያ ድረስ አስብ የነበረው በር ከፍቼ ስገባ፣ ልጄ ስትሮጥ ነው። ከዚያ ያለውን አላሰብኩም ነበር። ከዚያ ያለው እኔን ሲወስዱኝ እሷ ቆማ የምታይበት ቀን ነው።

በማግስቱ ኦፊሰሩ መጣ። እስክሪብቶውን ከፍቶ ሰጠኝ።

"አልፈርምም። ጀጅ ፊት መቅረብ እፈልጋለሁ።" እስክሪብቶውን መለስኩለት።

"ወራት ሊፈጅ እንደሚችል ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል።"

እስክሪብቶውን መልሶ ከደነና ወጣ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በሩ ሲገጥም ግን በገዛ እጄ የቆለፍኩት መሰለኝ። ጋሼ የምሳቸውን ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

ጋሼን የወሰዷቸው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። የመጡበትን ልብስ መልሰውላቸው ነበር። እጃቸው ወገባቸው ላይ ባለው ሰንሰለት ስለታሰረ ሸሚዛቸውን መቆለፍ አልቻሉም፤ ደረታቸው ተገልጦ፣ ሽበቱ ይታያል። ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ።

ጠባቂውን "ሸሚዛቸውን ልቆልፍላቸው?" አልኩት።

"ወደ ኋላ ተመለስ።"

"ሽማግሌ ናቸው። እንዲህ ሆነው ሰው ፊት አይውጡ።"

ጠባቂው ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየና "ቶሎ በል" አለኝ።

ቶሎ አላልኩም። ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ ቆለፍኩ። ኮሌታቸውን አስተካከልኩ። ጋሼ አገጫቸውን ከፍ አድርገው ቆሙልኝ።

"ወዴት እንደሚወስዱዎት ነገሩዎት?"

"አዲስ አበባ ይላሉ። ማን እንደሚቀበለኝ እንጃ።" ከዚያ "ልጅህን ሳምልኝ" አሉኝና ተራመዱ።

እኔ በመጨረሻ ጀጅ ፊት ቀረብኩ፤ ጥገኝነት ተፈቀደልኝ። ጋሼ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የታክሲ ሰዎችን ጠይቄያለሁ። አሁን ከአትላንታ ወጣ ብሎ ዱሉዝ ባለ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴና ልጄ መጥተው እዚያው አቅራቢያ ሊልበርን እንኖራለን። ልጄን ስስማት አንዳንዴ ሁለት ጊዜ እስማታለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ቤት ውስጥ በር ሲዘጋ ከውስጥ መከፈቱን እሞክራለሁ። ባለቤቴ አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ባለፈው ወር ለሌላ ጉዳይ እዚያው የአትላንታው ቢሮ ተጠራሁ። ወረፋው ላይ አንዲት ወጣት ሀበሻ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ የያዘችውን ወረቀት ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"ይቅርታ፣ ማለቴ... ውስጥ ምን ይሉኛል?" አለችኝ።

"ያልገባሽን ነገር አትፈርሚ። ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ጠበቃዬ ይጠራልኝ በያቸው። ሹራብ ይዘሻል?"

"አልያዝኩም።"

ጃኬቴን አውልቄ ሰጠኋት። ስሜ ተጠራ፣ ገባሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ጨረስኩ። ስወጣ ወንበሯ ባዶ ነበር፤ እሷም ገብታለች። ባለቤቴ ስልክ ደወለች።

"ጨረስክ? ምን አሉህ?"

"ጨርሻለሁ፤ ደህና ነው።"

"ታዲያ ለምን አትመጣም?"

"አንድ ሰው እየጠበቅኩ ነው" አልኳትና፣ የጎን በሩ ትይዩ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።