ግማሽ ወረብ ይዤ ወጣሁ

ስደተኛ የአገሩን ዜማ በልቡ ይዞ ይሄዳል ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ከጎባ የወጣሁት ግማሹን ብቻ ይዤ ነው፤ ያንንም ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው።

የውይይት ክበብ ትቶ ማኅሌት ይቆማል ብሎ ቀበሌው ስሜን መዝግቦ ነበር። የጊኒሩ ነጋዴ ሐጂ ኡስማን ፈረስ በጫነ መኪናቸው እስከ ነጌሌ ሊወስዱኝ እሺ አሉ። በማለዳ መቋሚያዬን ይዤ ስመጣ አይተው፣ "ኬላ ላይ ከጠየቁህ የፈረስ መንጃ ነው በል" አሉኝ።

ሐረና ጫካ ውስጥ ሹፌሩ ማንጎላጀት ጀመረ።

"አንተ ደብተራ፣ ያን የማርያማችሁን በል እስኪ፤ ይሄ ሰውዬ ገደል ሳይከተን።"

የመጀመሪያውን ቤት ዘመርኩና ዝም አልኩ።

"ምነው?"

"ተራው የቀኞቹ ነው፣ ሐጂ።"

"የት ናቸው?"

"ጎባ።"

"ወላሂ፣ እነሱን ከጠበቅንማ እዚሁ እናረጃለን።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን የጥንት ወረብ መሪጌታችን ከጎጃም በቃላቸው ይዘውት መጡ። ዘማሪ አንሷቸው በዓል ሲደርስባቸው፣ ለግራ ቆሚዎች የግራውን፣ ለቀኞቹ የቀኙን ብቻ አስጠኑን። ሌላ ደብር ሁሉም ሁሉንም ይማራል። እኛ ግን ፊት ለፊት ቆመን ስንቀባበል ዓመታት ሲያልፉ፣ የማዶውን መያዝ ለማንም ትዝ አላለውም። መሪጌታም አረፉ።

ከነጌሌ ድንበሩን ተሻግሬ ናይሮቢ ገባሁ። እዚያ ጨው የተረሳበት ገንፎ ኡጋሊ ተብሎ ይበላል። ሰዎቹ በረደን ብለው ካፖርት ሲደርቡ የእኛን የሮቤን የሐምሌ ብርድ አስቤ እስቃለሁ። የስደተኛ መዝጋቢው ሥራዬን ጠየቀኝ።

"ዘማሪ። ግን ግማሹን ነው የማውቀው።"

"ለግማሽ ሥራ የሚሆን ቅጽ የለንም" ብሎ "ሥራ አጥ" አለኝ።

ማታ ማታ ስዘምር የምትሰማኝ አከራዬ ማማ ዋንጂሩ ደግሞ በሬን አንኳኩታ፣ "ምዜ፣ አባቴ፣ ወይ ጨርሰው ወይ አትጀምረው። ዝም ባልክ ቁጥር ሞተ ብዬ እየደነገጥኩ ነው" አለችኝ።

በመጨረሻ በቀጠሮ ጎባ ደወልኩ። የመጣው ተስፋዬ ነው፤ ከቀኞቹ።

"ከሄድክ ወዲህ አልተዘመረም" አለኝ። "ከግራዎቹ ሁለቱ ዘምተው አልተመለሱም፣ ሽማግሌውም አረፉ። ግራ የለማ።"

እኔ የቀኙን ስፈልግ፣ ለካ የግራውን ጠቅልዬ የወጣሁት እኔ ነኝ።

"በል፣ ያንተን ንገረኝ።"

"በስልክ? ሰው ቢሰማንስ?"

"ከሰማ ዜማውን ይማረው።"

አንዷን ቤት ዘመረልኝ። ቀሪዎቹን አራት ግን ጓደኞቹን እየተከተለ እንጂ ብቻውን አያውቃቸውም። አንደኛው ገሰራ ከተማ ጸሐፊ ሆኗል፣ ሌላው አንገቱ በሚባል አገር ቡና ይነግዳል። ይህን ሲነግረኝ መስመሩ ተቋረጠ።

የግራውን በካሴት ቀድቼ ለተስፋዬ ልኬያለሁ። አንተ ይህን የምታነበው፣ በገሰራ ወይም በአንገቱ የምታልፍ ከሆነ፣ ሁለቱን ሰዎች ፈልግ፤ አዘምራቸው፤ ቅዳና አንዱን ካሴት ለጎባ፣ አንዱን ለእኔ ላክ። አይዞህ የሚል ደብዳቤ እንዳትጨምርበት።