ባዶውን ያደረው አልጋ

ባለፈው እሑድ እህቴ ጽዮን ከዙሪክ ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። አንደኛው ከባዝል ወዲያ፣ ጀርመን ድንበር ማዶ ባለው ትልቅ የመጫወቻ ስፍራ ግቢ ውስጥ የተሠራ ሆቴል ነው። ማማ አለው፣ መዋኛ አለው፣ መስኮቱ ሲከፈት ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወሩት ባቡሮች ይታያሉ። ሁለተኛው ከስፍራው ራቅ ብሎ በአንዲት መንደር ውስጥ የሚከራይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ ወጥ ቤት አለው። ከፎቶዎቹ ሥር “ልጆቹን ይዘን እንሂድ። ውስጥ እንደር ወይስ ውጭ? ምርጫው ያንቺ ነው” ብላ ጽፋለች።

ለሌላ ሰው ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ግማሹን አጥፌ ግማሹን የተውኩትን ልብስ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ስልኩን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቤተሰባችን በዚሁ ጥያቄ ተኮራርፏል። በኩርፊያው ውስጥ ደግሞ ማንም የማያውቀው የእኔ እጅ አለበት።

ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ጄኔቭ፣ ለ ሊኞን በሚባል ሰፈር፣ ሮን ወንዝ ላይ እንደ ግድግዳ ከተዘረጋው ረጅም ሕንፃ ዐሥረኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ይለያል፣ እናቴ ቢሮ ታጸዳለች፤ እኔና የስምንት ዓመቷ ጽዮን አንድ ክፍል እንጋራለን። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ብርሃኔ፣ ዙሪክ ኦርሊኮን ነበረች። ባሏ የማሽን ፋብሪካ ቴክኒሻን ስለነበር ኑሯቸው ከእኛ ይሻላል። ልጃቸው አንድ ናት፤ ሂሊና። ከእኔ ጋር እኩያ ነን።

ሂሊና የእኔ ነበረች። ይህን ስል ሌላ ቃል ስላጣሁ አይደለም፤ እንደዚያ ነበር የማስበው። እሷ ፈረንሳይኛ አታውቅም፣ እኔ የዙሪኮቹን ጀርመንኛ አልሰማም፤ የምንግባባው ከወላጆቻችን በለቀምናት ጎደሎ አማርኛ ብቻ ነው። ሌላው ቢሰማ ይስቅብናል፤ ለእኛ ግን በቂ ነበረች። በየሳምንቱ ደብዳቤ እንጻጻፋለን። ፊደሏ እንደ ዶሮ ጭረት ቢሆንም አንድ በአንድ አነበው ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምት ሁለቱ ቤተሰቦች ወደዚሁ የመጫወቻ ስፍራ ሄደን አብረን እንድንዝናና ተባለ። የእኛና የዙሪክ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት የሚገጥመው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። አክስቴ ይህን አላሰበችውም። ከግቢው ውስጥ ሆቴል ቁርስና እራት የተጨመረበት ክፍል ያዘችና ለእናቴ ደወለች።

“እንደኛ ውስጥ ያዙ። ለእንግዳው በሩ ቀድሞ ይከፈትለታል፣ ወረፋ የለም። ልጆቹ ሲደክማቸው ገብተው ጋደም ይላሉ። ውጭ ያደረ ሰው ቀኑን በመኪና ማቆሚያ ነው የሚጨርሰው።”

“እትዬ ብርሃኔ፣ ይህ ሁሉ ቁርስ ለማነው የተያዘው?” አለች እናቴ። “ጾም እኮ ነው።”

“መንገደኛ ጾም የለበትም።”

“እርስዎ እንዳሉ። እኔ ግን ወጥ ቤት ያለው እፈልጋለሁ።”

እናቴ ስልኩን ዘግታ “ለማይበላ ቁርስ” እያለች ስታጉረመርም ዋለች። እውነቱን ለመናገር ሆቴሉ ከአቅማችን በላይ ነበር፤ ጾሙ ግን ጥሩ ምክንያት ሆነላት። እኛ ከስፍራው የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቆ አንድ የገበሬ ቤት ፎቅ ላይ ክፍል ተከራየን። እኔ በልቤ ከአክስቴ ጋር ነበርኩ። መዋኛው፣ ማማው፣ ቀድሞ የሚከፈተው በር በእንቅልፌ ይመጣብኝ ጀመር። አክስቴ ደግሞ እንደገና ደውላ ክፍላቸው አራት አልጋ እንዳለው፣ እነሱ ሦስት ስለሆኑ ከእኛ ልጆች አንዷ እነሱ ዘንድ ማደር እንደምትችል ነገረችን። እናቴ ብዙ ካንገራገረች በኋላ “የጾሙን ሰዓት ልተውላቸው፤ የፍስክ ግን እንዳይነኩ” ብላ፣ አክስቴን ቃል አስገብታ ፈቀደች። አንዷ የተባለችው እኔ መሆኔን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም። ፒጃማዬን፣ የጥርስ ብሩሼንና ለሂሊና የገዛሁላትን የፀጉር ማስያዣ ለብቻ በትንሽ ቦርሳ አዘጋጀሁ።

በአባቴ አሮጌ መኪና በሎዛንና በበርን አድርገን ወረድን። ሙቀት ነበር፤ መስኮቶቹን ከፍተናቸው ከእግሬ ሥር የተቀመጠው የምስር ሳምቡሳ ሽታ እስከ ባዝል ድረስ አብሮን ሄደ። ከድንበሩ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው፤ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ አድጎ፣ ፕሪሙ መንገድ ዳር ወድቆ ንብ ይዞርበታል። ጽዮን ትከሻዬ ላይ ተኝታ ለሃጯን ታዝረበርብብኛለች። እንዲህ ሳስበው ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም ነበር።

ሆቴሉ በር ላይ ነገሩ ተበላሸ። እንግዳ ተቀባይዋ አራተኛው አልጋ ከላይ የሚሰቀል ጠባብ አልጋ ስለሆነ ከዐሥር ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ብቻ ነው አለች። አክስቴ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና ከንፈሯን መጠጠች። ያን ጊዜ ሂሊና “እንግዲህ ጽዮን ትምጣ” አለች።

ይህን ያለችበትን ፍጥነት እስካሁን አልረሳውም። ትንሽ ብታቅማማ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞር ብትል ይቅር እላት ነበር። ጽዮን ጨርቄን ማቄን ሳትል ሮጣ እጇን ያዘቻት። ፒጃማ አልያዘችም፤ ስለዚህ የእኔ ቦርሳ ተሰጣት። እጅጌውና እግሩ ተጠቅልሎ ይለበሳል ተባለ።

ያን ምሽት የገበሬው ቤት የላምና የፖም ሽታ ነበረው። እናቴ ሽሮ ሠራች፣ አባቴ በመስኮት የሚታየውን ማሳ እያደነቀ በላ። እኔ ግን ቀናሁ። በስምንት ዓመቷ እህቴ ቀናሁ፣ እርር ድብን አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናችንን አባጣ ጎርባጣ ሜዳ ላይ አቁመን፣ ብዙ በእግር ሄደን፣ ወረፋ ይዘን ገባን። እነሱ ከውስጥ መጡ። ፀጉራቸው ከመዋኛው ገና አልደረቀም፤ ትልቁን ባቡር ሁለት ጊዜ ወጥተውበታል። ሁለቱም እጅ ላይ የሆቴሉ እንግዳ መሆናቸውን የሚያሳይ ቢጫ አምባር አለ። ከሁሉ የባሰው ግን ሳቃቸው ነው። ሂሊና አንዲት የጀርመን ቃል ጣል ታደርጋለች፣ ጽዮን በፈረንሳይኛ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ምን እንደሆነ ብጠይቅ ሂሊና “አንቺ አልነበርሽም” አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ እውነቷን ነው፣ አልነበርኩም። እኔ ግን ቢላዋ ብትሰካብኝ ይሻለኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። እናቴ ሳምቡሳውን እያወጣች ጽዮንን ጠዋት ምን እንደበላች ጠየቀቻት። ጽዮን “ዳቦ በማርማላታ” አለችና ከሂሊና ጋር ውሃ ለመቅዳት ሮጠች። አክስቴና ባሏ ገና አልመጡም። እኔ የሁለቱን ጀርባ እያየሁ አፌ ቀደመኝ።

“እንቁላል በልታለች” አልኩ።

እናቴ እጇ በአየር ላይ ቆመ። “ማን አለሽ?”

“ሰማሁ።”

ምንም አልሰማሁም። ሆቴል ቁርስ ላይ እንቁላል እንዳለ ገምቼ፣ እናቴን የሚያስቆጣት ምን እንደሆነም አውቄ፣ ከራሴ ያመጣሁት ነው። ጽዮን ስትመለስ እናቴ ወደ ዛፉ ጀርባ ወሰደቻት። ትክዳለች፣ ትጨቃጨቃለች፣ እኔም እጋለጣለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ጽዮን ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ፊቷ ቀላና አለቀሰች። እኔም የመሰለኝ ግፍ በዝቶባት ነው።

እናቴ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። አክስቴ ስትመጣ ብቻ “እትዬ ብርሃኔ፣ ዛሬ ልጄ ከእኔ ጋር ታድራለች” አለቻት።

“ምን አጎደልኩባት?”

“ምንም አላጎደሉም። ቃል ግን ሰጥተውኝ ነበር።”

አክስቴ ነገሩን ስትሰማ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ልጅን በቁራሽ ምክንያት ማስለቀስ ነውር ነው አለች፤ እናቴ እምነት ቁራሽ አይደለም አለች፤ አባቴ በሁለቱ መካከል ቆሞ ባርኔጣውን ያዟዙራል። አልጋው ለእኔ ይደርሰኛል የሚል ሞኝ ተስፋ ነበረኝ። ለማንም አልደረሰም፤ ያን ዕለት ባዶውን አደረ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ አልተገናኙም።

ለእኔ ግን፣ ይህን መጻፉ ያሳፍረኛል፣ ጥሩ ሆነልኝ። ያን ምሽት ጽዮን ፒጃማዬን እንደለበሰች አጠገቤ መጥታ ተለጠፈችብኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከእኔ አልተለየችም። ሂሊናም ደብዳቤዋን አላቋረጠችም። ካደጉ በኋላ ሁለቱም አንድ ከተማ ኖሩ፤ ጽዮን ትዳር ይዛ ኦርሊኮን ገባች። ስለ ጽዮን ወሬ ሂሊና እኔን ትጠይቃለች፣ ስለ ሂሊና ወሬ ጽዮን ከእኔ ትሰማለች። ለምን በቀጥታ እንደማይደዋወሉ ጠይቄ አላውቅም። ስላልተጠየቀ ይሁን ስለተመቸኝ፣ እስከ ባለፈው እሑድ አልመረመርኩትም።

ልብሱን ወደ ጎን አድርጌ ለጽዮን ደወልኩ።

“ወሰንሽ?” አለችኝ።

“አንቺ የቱን ትወጃለሽ?”

“ለእኔ ሁሉም ያው ነው። ብቻ ፍልሰታ ሳይገባ ይሁን፤ እንደዚያን ጊዜ እንቁላል በልቼ እንዳልያዝ” ብላ ሳቀች።

“በልተሽ ነበር?”

“ሁለት! ሂሊና ናት ልጣ የሰጠችኝ። እነ አክስቴ ዳቦ ሊያመጡ ተነስተው ስለነበር እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ለማንም እንዳትናገሪ ብያት በእናቷ ምላልኛለች። ምሳ ሳንበላ እማዬ ሰምታለች።”

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩት። “በዚህ ነው እንዴ የማትጠያየቁት? በልጅነት ነገር?”

“አልተቀየምኳትም፣ ማርቲ። ግን ምስጢር የምትይዝ ሰው አይደለችም፤ ያን ቀን አወቅኋት። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ሆስፒታሉ ከቤቷ ሁለት የትራም ፌርማታ ነበር፤ አልነገርኳትም። አንቺን ነው ከጄኔቭ የጠራሁሽ።”

ያን ጊዜ አስታውሳለሁ። ሦስት ሰዓት በባቡር ተቀምጬ ስሄድ ስለ እህቴ ሕመም መጨነቄ እውነት ነው። ከጭንቀቱ ሥር ግን የጠራችው እኔን ነው የሚል ደስታ ነበረኝ። ዐሥራ ሁለት ቀን ነው የተኛችው። ሂሊና በየጠዋቱ በትራም በዚያ በር ታልፍ ነበር።

“ጽዮን፣ ሂሊና አልተናገረችም” አልኩ። “እኔ ነኝ። እንቁላል መብላትሽን አላየሁም፣ አልሰማሁምም። ለእማዬ ከራሴ ፈጥሬ ነው የነገርኳት።”

ከእሷ በኩል የትራሙ ድምፅ አለፈ። ከዚያ “ለምን?” አለች።

“ቀንቼ።”

“በእኔ?”

“በሁለታችሁም።”

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ። “የሂሊና ቁጥር አንቺ ጋ አለ አይደል? ላኪልኝ” ብላ ዘጋችው። ላክሁላት።

ሦስት ቀን ምንም አልሰማሁም። በአራተኛው ቀን መልእክት መጣ። “ከሂሊና ጋር ተነጋግረን ውስጥ ይሻላል ብለናል። ክፍሉን እሷ ይዛለች። ትመጫለሽ?”

ተመካክረዋል፤ ያለ እኔ ወስነዋል። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ እንባዬም መጣ። ወዲያው ደግሞ የማውቀው ቅናት ተመለሰ። የአርባ አምስት ዓመት ሴት ነኝ፣ ልጆቼ ቁመቴን አልፈዋል፤ ይህ ነገር ከልጅነቴ ጋር የቀረ መስሎኝ ነበር። አልቀረም። ሁለቱ ቁርስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሠላሳ ዓመት ያመለጣቸውን ሲያወሩ፣ እኔ የሌለሁበትን ነገር አንስተው ሲስቁ ከአሁኑ ይታየኛል።

እመጣለሁ ብዬ መለስኩ። ሲስቁ ያመኛል። አፌን ግን እዘጋለሁ።