እግርሽን አስመርምሪ

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ዶክተር» ነው የሚሉት። ፍሬን ላይ እጁ የተባረከ ነው ይባላል። ራሱ መላጣ፣ ጢሙ ጎፈሬ፣ ሳቁ ደግሞ የጎማ መንፊያውን ጩኸት የሚያስንቅ ሰው ነበር። ነበር ያልኩት ሞቶ አይደለም፤ ሳቁን ከሰማን ግን ቆየን።

ፍሬን የሚፈትንበት የራሱ ዘዴ ነበረው። መኪናውን ባዶውን አስነስቶ ግቢውን አንድ ዙር ይዞራል። ከግንቡ አጠገብ ሲደርስ ድንገት ይረግጣል። ጎማው ቀጥ ካለ አለቀ፤ ቁልፉን ለባለቤቱ ወርውሮ «ወርቅ ነው!» ይላል። እንግዲህ ግቢው ድልድል ያለ ሜዳ ነው፤ ፒክአፕ ደግሞ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ነው። ይህ ጠፍቶት አይደለም። ለምዶበት ነው፣ ሰዉም አሞካሽቶ አሞካሽቶ አበላሽቶት ነው።

አንድ ሰሞን የአንድ ዓይነት ፒክአፕ ባለቤቶች እየተከታተሉ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ግድግዳ ለሳኙ መጣ። «ሲሚንቶ ጭኜ ስወርድ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጥብኛል፤ ደጋግሜ ስረግጠው ይመለሳል» አለ። ቀጥሎ የውሃ በርሜል ሻጩ፣ ቀጥሎ ችግኝ የምትሸጠው ሴትዮ፤ ሁሉም ያንኑ ነው የሚሉት። ዶክተር የእያንዳንዱን መኪና ባዶውን አዞረና የእያንዳንዱን ቁልፍ መለሰ። «መኪናህ ወርቅ ነው። ይልቅ እግርህን አስመርምር!» ጋራዡ በሳቅ ያውካካል። ባለቤቶቹም አብረው ፈገግ ብለው፣ አፍረው ይሄዳሉ። ከዶክተር ጋር ማን ይከራከራል?

ከዚያ እትዬ መጣች።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት መጣሉ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ፣ መልጦ፣ የልጆች አባት ሆኖ እንኳ «ማሙሽ» ነው የምትለው፣ ያውም ሠራተኞቹ ፊት። ሥራዋ እንቁላል ማከፋፈል ነው፤ ኮረብታው ላይ ካለው የዶሮ እርባታ እየጫነች ወደ ከተማ ትወርዳለች። ፒክአፑንም መርጦ ያስገዛት እሱ ነው፤ ጎማውን በጫማው መታ መታ አድርጎ «ይቺ አታሳፍርሽም እትዬ» ብሎ።

«ማሙሽ፣ ፍሬኑ ሊጥ የረገጥኩ ያህል ይሆንብኛል» አለችው። «እስከ መንገዱ እኩሌታ ደህና ነው። ከዚያ ሲግል ነው መሰለኝ፣ ወደ ታች ይሄዳል።»

ግቢውን አንድ ዙር ዞረ፤ ረገጠ፤ ቀጥ አለ።

«ወርቅ ነው እትዬ።»

«እዚህማ ለኔም ወርቅ ነው። እንቁላሉን ጭኜ አብረኸኝ ውረድ። አንድ ቀን ብቻ ማሙሽ።»

ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው አፍ አፉን ያዩታል። ምላሱን በላው።

«ይልቅ እግርሽን አስመርምሪ!»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። «አንተ ባለጌ! አዝዬ ባሳደግኩህ!» ብላ ቁልፏን ተቀበለች። የግቢው በር ላይ ስትደርስ መኪናዋን ትንሽ ቆም አደረገችና ሄደች። ያቺ መቆሟ ናት እንቅልፍ የምትነሳው። ሮጦ «ቆይ፣ አብሬሽ ልውረድ» ቢላት ምን ነበረበት? ምንም!

ብዙም አልቆየ። ጠዋት ነው፤ እንቁላሏን ጭና ስትወርድ ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ አላት። ብትረግጥ የለም፣ ብትረግጥ የለም። ታች መታጠፊያው ላይ ሰው ተኮልኩሎ አውቶቡስ ይጠብቃል። ክላክሱን እያስጮኸች፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳበች፣ መሪውን ወደ ድንጋይ ግንቡ ጠመዘዘችው። ከሚጠብቁት ሰዎች ጭረት የደረሰበት የለም። እሷ ግን ቀኝ እግሯ ፔዳሉ ሥር ተጨፍልቆ ወጣ። ሐኪሞች እንደምንም አተረፉት፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ አለ። ይኸው እግሯ ተመረመረ! ዶክተር ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው» ሲል የሰማው ሰው አለ።

የተጨማደደውን ፒክአፕ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። የፍሬኑን ፓምፕ ራሱ ፈታው። ውስጡ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት ልፍስፍስ ብላለች፤ ስትግል ዘይቱን ታሳልፋለች፣ ስትቀዘቅዝ ደህና ትሆናለች። ይህንኑ ለማረጋገጥ የለሳኙን ፒክአፕ ለምኖ ወሰደ፤ አሸዋ ጫነበትና ያንኑ ቁልቁለት ወረደ። እኩሌታው ላይ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ሰመጠ፣ ልክ እንደ ሊጥ። በማርሽና በእጅ ፍሬን ታግሎ ዳር አስያዘው፤ ከዚያ እዚያው መሪው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የሳቀባቸውን ሰዎች ሁሉ ቤታቸው ድረስ ሄዶ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አምጡት» አላቸው። ዛሬ ከዚያ ጋራዥ አሸዋ ሳይጫንበት፣ ቁልቁለቱንም ሳይወርድ የሚወጣ ፒክአፕ የለም። ጥሩ ነገር ነው። ለእትዬ ግን ምን ይፈይዳል?

እትዬ ደግሞ አንድም ቀን አልተቆጣችውም። ብትሰድበው እኮ ይቀለው ነበር! ሲመጣ ታስቀምጠዋለች፣ ልጆቹን ትጠይቀዋለች። «ሆስፒታል ላድርስሽ» ሲላት ብቻ «አውቶቡሱ ይሻለኛል» ትላለች፤ ዱላዋን ተደግፋ ወደ ፌርማታው ትሄዳለች። እሱ ከዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ እትዬ እሱን አምና መኪናው ውስጥ ከጎኑ እንድትቀመጥ።

አንድ እሑድ ራሷ ጠራችው። «ዶሮዎቹ ናፍቀውኛል። ውሰደኝ።»

ጆሮውን ማመን አቃተው። አቃንቶ አዲስ ፓምፕ የገጠመለትን የራሷን ፒክአፕ ይዞላት መጣ፤ አሸዋ ጭኖ ደጋግሞ የወረደበትን። ዳገቱን ወጡት፤ ዶሮዎቹን አየች፣ ከጠባቂው ጋር ተሳሳቀች። ሊመለሱ ሲሉ «ባዶውን አንወርድም» አለች። «እንቁላል ጫን። አብረኸኝ ውረድ ያልኩህ ጭኜ ነበር።»

ጫነ።

ቁልቁለቱ ተጀመረ። ረገጥ አደረገው፤ ያዘ። እኩሌታው ላይ ደረሱ፤ ረገጠው፤ አሁንም ያዘ። ደስ ብሎት ወደ እሷ ዞር አለ። እትዬ ፊቷ ረጋ ብሏል፣ መንገዱን ታያለች። ያ የማይታጠፍ ቀኝ እግሯ ግን ፔዳል በሌለበት ወለል ላይ ተተክሎ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ ይገፋል።

«ይዟል እትዬ፤ ይዟል እኮ።»

«አየሁ ማሙሽ። ወርቅ ነው።»

«ታዲያ እግርሽን አንሺዋ።»

«እኔማ ካመንኩህ ቆየሁ» አለች በቀስታ። «እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

ድሮ ቢሆን ለዚህ መልስ ነበረው። አሁን ማርሽ ቀነሰ። እትዬ እግሯን እስከ ታች ድረስ አላነሳችም።