የወርቅውሃ ሾተላይ

ወርቅውሃ ሦስት ልጅ ወልዳ አንድም አላሳደገች። ሁለቱ ሞተው ተወለዱ፤ ሦስተኛዋ ቆዳዋ እንደ ተቃጠለ ሰው እየተላጠ ተወልዳ፣ ሳምንት እንኳ ሳትሞላ ሄደች። አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ ለዚህ ዓይነቱ መከራ መልሱ አንድ ነው፤ ሾተላይ አለባት ተባለ። ሾተላይ እናት ደም ውስጥ ተቀምጦ ልጅ የሚበላ ነገር ነው ይላሉ። ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ነኝና አራሶች ዓይኗን ሲሸሹ አይቻለሁ።

እሷም አመነች። ምን ታድርግ? ባሏ በዛብህ በጭነት ባቡር ላይ ፍሬን እየያዘ ድሬዳዋ ይመላለሳል። ዝምተኛ ነው፤ አይማታም፣ አይሳደብም። “ሌላ ባል ቢሆን ይፈታት ነበር” ይላሉ ሴቶቹ። እሷም ላልፈታት ባሏ ስትል ወገቧ እስኪቆረጥ ትሠራለች።

አራተኛውን ስታረግዝ አማቷ እማማ አስካለማርያም ክታብ አሰሩላት። በምላጭም ሆነ በመርፌ እንዳትነካም አስጠነቀቋት፤ ሾተላይ ደም ከሸተተው ይነቃል አሉ። ጠበሉንና ጸሎቱን አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ሆዷ በገፋ ቁጥር ፊቷ ሲጠቁር እያየሁ መቀመጥ ታከተኝ። አምስተኛ ወሯ ላይ፣ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ እንደወጣሁ፣ ሳልተኛ ጎትቼ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ተራ ስንጠብቅ ፀሐይ አናታችን ላይ ደረሰች። ያየን ድሬሰር ኩምሳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ማረሙን ከተወ ቆይቷል። ታሪኳን ሰምቶ አልተገረመም፤ የደከመው ሰው ይመስል ነበር።

“ደምሽን እንመርምር” አላት።

“ደም አልሰጥም፣ ዶክተር። ሾተላይ አለብኝ።”

“እህቴ፣ እኔ የምጠረጥረው ቂጥኝ ነው። ከሆነ መርፌ አለው። አሁን ከተወጋሽ ልጁም ሆድሽ ውስጥ እንዳለ ይድናል። ባልሽንም ይዘሽው ነይ፤ አንዳችሁ ታክማችሁ አንዳችሁ ከቀራችሁ መልሶ ይይዛችኋል።”

ወርቅውሃ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ተነሥታ ወጣች። አልፈረድኩባትም። ቂጥኝ በእኛ ሰፈር የጠጅ ቤት ሴት በሽታ ነው፤ ለባለትዳር ሴት ስሙ ራሱ ስድብ ነው። ሾተላይ ላለባት ይታዘንላታል፤ ቂጥኝ ያለባት ግን ጓዟን ጠቅልላ ትወጣለች። መንገዱን ሁሉ “ከማን አገኘሁት ልበለው?” እያለች አለቀሰች። እኔም ከባልሽ ነዋ፣ ከማን ይሆናል ማለት እየፈለግሁ ምላሴን ነከስኩ፤ የማላውቀውን ተናግሬ ትዳር ላፍርስ?

ብዙ ቀን እንዲሁ ከረመች። አንድ ጠዋት ልጁ ሆዷ ውስጥ በኃይል ተንፈራገጠና፣ “ይሄኛው ገና አለ” ብላ ወደ ባሏ ገባች። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉንም ሰማሁ። “ዶክተሩ ደማችሁን ልይ ብሏል። አብረውኝ ይምጡ፤ ስለ ልጁ ብለው” አለችው። የበሽታውን ስም አልጠራችም። እሱም ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ክሊኒክ ስንደርስ ኩምሳ ነገሩን ሳይሸፋፍን አስረዳው። ቂጥኝ የሚለውን ቃል ሲሰማ በዛብህ አልደነገጠም። እጅጌውን ወደ ታች ሳበና፣ “የእኔ ደም አያስፈልግም” አለ።

“ለምን?”

“እኔማ ድኛለሁ። ድሬዳዋ ተወግቼ ከዳንኩ ቆየሁ እኮ።”

“መቼ?”

በዛብህ ወለሉን አየ። “የመጀመሪያው ልጅ ሳይወለድ።”

ወርቅውሃ ቀና አለች። በዕድሜ ስለሚበልጣት፣ ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ አንቱ ነበር የምትለው።

“አንተ ታውቅ ነበር?” አለችው።

“እኔ ከዳንኩ ቤቱም የዳነ መስሎኝ… እናቴም ሾተላይ ነው ሲሉ…”

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉናል ደግሞ። ውሸት! የደበቀው ድኗል፤ የምትደብቀው ነገር እንኳ የሌላት ናት መድኃኒት ያጣችው። በዚያች ሰዓት በዛብህን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እሱን ለማነቅ እንኳ ጉልበት አልነበረኝም።

እሷ አላለቀሰችም። ክንዷን ገልጣ ለኩምሳ ዘረጋችለት። “ቅዳ” አለችው። ውጤቱ ኩምሳ እንደ ጠረጠረው ሆነ። በየሳምንቱ እየሄደች ተወጋች፤ በዛብህም ዳግመኛ ተመርምሮ ታከመ። ለእማማ አስካለማርያም ማንም የነገራቸው የለም።

ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ቆዳው ጤነኛ፣ ጩኸቱ ሰፈር የሚያውክ። በክርስትናው ዕለት ቤቱ በሰው ሞላ። በዛብህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትሪ ከቦ ይበላል። እማማ አስካለማርያም እልል ብለው፣ “ተመስገን! ያ ሾተላይ ለቀቀሽ፣ ልጄ!” አሏት።

ወርቅውሃ ልጁን እያጠባች ነበር። ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም።

“የት ለቀቀኝ፣ እማማ? ያውና ተቀምጦ እየበላ።”

ሰው ሁሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በዛብህ ብቻ እጁን ከትሪው ላይ አነሣ።